«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የማን ትምህርት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በገብር ኄር ሰንበት ስለ መክሊቱ ምሳሌ ትምህርት ከተሰጠ በኋላ፣ በጥያቄና መልሱ ጊዜ አንዲት እኅታችን ተነሥታ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ጌታቸው ባሮቹን ስለ ሰጣቸው መክሊት ከተቆጣጠራቸው፣ ሀገር የሚያስተዳድሩትን ስለ ሀገሪቱ መክሊት የሚቆጣጠራቸው ማን ነው?» ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሏት። ጉባኤው ሣቀ፤ እርሷም አፍራ ተቀመጠች። በዕለቱ መምህር ሆኜ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። ሰዓቱ ስለ ሄደ ነው ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያለፍሁት ሰዓቱ ስለ ሄደ ሳይሆን ስለ ፈራሁ ነው። ስለዚህ የእኅታችን ጥያቄ እዚህ ይመለስ።

ምሳሌው የሀገራችን ነው፤ የወንጌል ግን አይደለም። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ሁሉ ከልብ አምነውበት ነው ብዬ አላስብም። ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን የተመለሰ ገበሬ ራሱን ያጽናናበት ነው። ምሳሌ ሲደጋገም ግን ትምህርት ይሆናል፤ ትምህርትም ውሎ አድሮ ሕግ ይሆናል። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በ4ኛው አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ሲደነግግ፣ የተበደለው ገበሬ ምሳሌ በማኅተም ጸድቆ ወጣ ማለት ነው። ዘውዱ ከወረደ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። ምሳሌው ግን በአዳራሻችን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ምሳሌውን በመጽሐፍ ቅዱስ ሊያጸኑ የሚፈልጉ ሰዎች የሚጠቅሱት ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች የጻፈውን መልእክት 13ኛ ምዕራፍ ነው። በዚያ ምዕራፍ ለበላይ ባለሥልጣናት መገዛት እንደሚገባ በእርግጥ ተጽፏል፤ የሚክድ የለም። የሚረሳው ግን ሐዋርያው ባለሥልጣኑን በዚያው ምዕራፍ ምን ብሎ እንደ ጠራው ነው። የእግዚአብሔር አገልጋይ ብሎታል፤ በግሪኩ የቆመው ቃልም «ዲያቆኖስ» ነው። ዲያቆን ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወደ ቤተ መቅደስ ይገባል፤ ጻሕሉን፣ ጽዋውን፣ ዕርፈ መስቀሉን ያነሣል፤ አንዱም ግን የእርሱ አይደለም። ንዋየ ቅድሳቱ በመዝገብ የተቆጠረ ነው፤ ኃላፊው በተለወጠ ቁጥር ርክክብ ይደረጋል፤ አንዲት መጎናጸፊያ ብትጎድል «የት አደረስሃት?» ይባላል። ያን ጊዜ «እኔ በእግዚአብሔር የተሾምሁ ነኝና አትጠይቁኝ» የሚል ዲያቆን ቢገኝ ወዲያውኑ የምንጠረጥረው እርሱን ነው። ሐዋርያው ለባለሥልጣን የሰጠው ስም እንግዲህ ይህ ነው፤ ርክክብ ያለበት ሰው ስም።

ሌላው የሚጠቀሰው ቅዱስ ዳዊት በተቀባው በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም የሚለው ነው (1ኛ ሳሙ. 24)። አዎን፣ እጁን አላነሣም። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዳዊት የልብሱን ዘርፍ ይዞ ከዋሻው ወጥቶ ከኋላው ተጣራ፤ በሁለቱም ሠራዊት ጆሮ ስለ ደረሰበት በደል ንጉሡን ከሰሰው፤ እግዚአብሔር በመካከላቸው እንዲፈርድም ጠየቀ። እጁን መለሰ እንጂ አፉን አልዘጋም። ዳዊት ራሱ ከነገሠ በኋላም ነቢዩ ናታን የአንዲቱን በግ ታሪክ ነግሮ ንጉሡ በገዛ አንደበቱ እንዲፈርድ ካደረገው በኋላ ጣቱን ወደ እርሱ አቀና (2ኛ ሳሙ. 12)። ናታን የዳዊትን ቅብዓት አልካደም፤ ሌላ ንጉሥ ለማንገሥም አላሤረም። የኦርዮ ደም በምሥጢር እንዲቀር ግን አልፈቀደም። ኤልያስም አክዓብን ያገኘው በዙፋኑ ላይ ሳይሆን በተቀማው የናቡቴ የወይን ቦታ ውስጥ ነው (1ኛ ነገ. 21)፤ ዛሬ ሌባን እጅ ከፍንጅ መያዝ የምንለው ማለት ነው።

ይህ በብሉይ ብቻ የቀረ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ንግሥት አውዶክስያን ስለ መበለቲቱ ርስት ገሥጾ፣ መንበሩን አጥቶ፣ በስደት ዐረፈ። በሀገራችንም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ አኖሬዎስና የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስ ንጉሡ ዐምደ ጽዮን የአባቱን ሚስት አግብቷል ብለው ፊት ለፊት በመገሠጻቸው መገረፋቸውንና መሰደዳቸውን ገድላቸው ይተርካል። ልብ በሉ፤ እነዚህ አባቶች በጸሎተ ቅዳሴ ስለ ንጉሡ የሚጸልዩ ነበሩ። ስለ እርሱ የጸለዩበት አፍ ነው እርሱን የገሠጸው። ዛሬ «ዲያቆን ሆነህ ፖለቲካ ምን አገባህ» ስባል፣ እኔ በበኩሌ አቡነ ፊልጶስን ፖለቲከኛ ብሎ ለመጥራት የሚደፍረውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ገዛ አፈራችን ልምጣ። የራያ ቆላ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ቆመውለታል፤ ጎሊናና ሆርማት ክረምት ሲሆን የደጋውን ደለል ተሸክመው ይወርዱበታል። ዝናሙ በወቅቱ ከጣለ ማሽላው ሰው ይሰውራል፤ ካልጣለ ደግሞ ምን እንደሚሆን ከሽማግሌዎቻችን የዘመን አቆጣጠር መረዳት ይቻላል፤ «በሰባ ሰባት የተወለደ» ሲሉ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ የሚወጣው አውራ ጎዳና ይህን ሜዳ ለሁለት ከፍሎ ጎብዬን፣ ሮቢትን፣ ቆቦን፣ ዋጃን፣ አላማጣን እያቆራረጠ ያልፋል። ይህን ጎዳና አስታውሱት። ራያ ከዓይን የተሰወረ በረሃ አይደለም፤ የሚኒስትር መኪናም የጭነት መኪናም በደጁ የሚያልፍበት ሀገር ነው። በዚህ ሜዳ ሁለት ጊዜ ረኃብ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተሸሽጓል። ሁለቱንም ጊዜ የሸሸገው ርቀት አልነበረም።

ከእነርሱ በፊት የነበረውን አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሣ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ረኃብ ባደረጉት ጥናት፣ በ1958 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ወሬው ለሀገር ግዛት ሚኒስቴር ከተጻፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀን እንደ ፈጀ አሳይተዋል። ከላይ የመጣው ምላሽም የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ሦስት መቶ ሁለት ቀን! ረኃብተኛ ያለ እህል ስንት ቀን እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። በዚያ ደብዳቤ መንገድ ላይ የተቀመጡት ሹማምንት ሁሉ ጨካኞች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ጿሚ፣ ቆራቢ፣ ቤተ ክርስቲያን አሣሪ ነበሩ። እያንዳንዱ የላይኛውን ላለማስቀየም ጥቂት ቀን ብቻ ነው ያቆየው።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ረኃቡ በአውራ ጎዳናው ላይ ወጣ። በዓመቱ አጋማሽ ገደማ የወሎ ገበሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ከሺህ የሚበልጡ ገበሬዎች አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ ቢጓዙ ከከተማው ዳር በፖሊስ እንዲመለሱ ተደረገ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ባለሙያዎች የተሳተፉበት የጥናት ሪፖርት ተሸሸገ። ጋዜጦቹና ራዲዮው የመንግሥት ነበሩና ዝም አሉ። ዝምታውን የሰበሩት ፕሮፌሰር መስፍንን ጨምሮ ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ ይዘው የተመለሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ፎቶግራፎቹንም በግቢያቸው ለሕዝብ ያሳዩ ተማሪዎች ናቸው። ከሁሉ የከፋ ጉዳት ከደረሰባቸው አውራጃዎች አንዱ ራያና ቆቦ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ቆጣሪው ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። የቁጥሩ ስፋት ራሱ ፍርድ ነው፤ ቆሞ የቆጠራቸው እንኳ አልነበረም ማለት ነውና።

እህል በሀገሪቱ ጠፍቶ ነበርን? ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የወሎን ረኃብ መርምሮ፣ በዚያ ዓመት የሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደ ነበር አሳይቷል። ገበሬው ያጣው መግዣውን ነው። ሴን ኋላም ነፃ ጋዜጣና ሕዝብ የመረጠው መንግሥት ባለበት ነፃ ሀገር ታላቅ ረኃብ ደርሶ አያውቅም ብሎ ተከራክሯል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ወሬው በጠዋት ጋዜጣ ከወጣ ሹሙ እስከ ማታ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልወጣ 302 ቀን አለው።

በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ የቀረጸው ፊልም በሀገሩ ቴሌቪዥን ታየ። የፊልሙ ስም «ያልታወቀው ረኃብ» የሚል ነበር። ስሙ ለለንደን ሰው ልክ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ያልታወቀ ሳይሆን የታወቀና የተከደነ ነበር። ከዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በቤተ መንግሥት ድግስና ምቾት ሥዕሎች እያጠላለፈ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚያን ጊዜ የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራውን ይዞ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ቤት ሆነው ለኮሚሽኑ የጻፉት መልስ ዛሬ «የአክሊሉ ማስታወሻ» በሚል ታትሞ ይነበባል። ጥያቄ ነበረ፤ መልስም እየተጻፈ ነበረ። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን አክሊሉን ጨምሮ 60 የሚያህሉ ሰዎች ያለ ፍርድ በጥይት ተገደሉ።

ብዙዎች ያንን ሌሊት የተጠያቂነት ሌሊት አድርገው ያስባሉ። እኔ ተጠያቂነት የተገደለበት ሌሊት ነው እላለሁ። ከሞተ ሰው መልስ አይገኝም። ወሎ ለምን ተሸሸገ? ደብዳቤውን ማን አቆየው? ሪፖርቱን ማን ሸሸገው? እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ በአደባባይ ቢመልስ ኖሮ ለሚመጣው ሹም ሕግ ይሆን ነበር። ሰው ተገደለ እንጂ አሠራሩ አልተፈረደበትም፤ ስለዚህ ገዳዮቹ አሠራሩን እንዳለ ወረሱት።

እንደ ወረሱትም በ10 ዓመት ውስጥ ታየ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለአደጋ መጋለጡን አሳውቆ ነበር። መንግሥት ግን ኢሠፓን ለመመሥረትና የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ይሰናዳ ነበር። አዲስ አበባ በቅስትና በመፈክር ስትሸለም፣ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን የሚወስደው ፈቃድ በዓሉ እስኪያልፍ ተከለከሉ። የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ኋላ በስደት በጻፉት መጽሐፍ በበዓሉ ዋዜማ ስለ ረኃብ መናገር ምን ያህል እንደ ነውር ይታይ እንደ ነበር ገልጸዋል። በዓሉ አለፈ፤ በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ሥዕል ዓለምን አስደነገጠ። ኮረም ሩቅ አይደለችም፤ ከቆቦ ተነሥቶ አላማጣን አልፎ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ይደርስባታል። የንጉሡን ረኃብ በቴሌቪዥን አሳይተው መንበር የያዙ ሰዎች፣ በዚያው ጎዳና፣ በዚያው ሕዝብ ላይ፣ ያንኑ አደረጉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። ዛሬ ሙስና ስንል ጉቦ፣ የመሬት ሽሚያ፣ የግዥ ኮሚሽን ብቻ ይመስለናል። በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ግን ሙስና የመቃብር ቃል ነው፤ ሥጋ ከተቀበረ በኋላ የሚያገኘው መበስበስ ማለት ነው። የጌታችን ሥጋ ሙስና እንዳላገኘው የምንመሰክረው በዚህ ቃል ነው። ይህን ቃል ለመንግሥት ሌብነት የመረጠው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሊቅ መሆን አለበት። የሚበሰብሰው የተቀበረ ነገር ነውና። አንድ ባለሥልጣን ገንዘብ ከመውሰዱ በፊት አስቀድሞ መቅበር ያለበት ነገር አለ፤ እርሱም ምስክር ነው። ጋዜጠኛው ከተከለከለ፣ መዝገቡ ከተቆለፈ፣ ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ስርቆቱ ቀላል ሥራ ነው። እኅታችን ስለ መክሊት ጠየቀች፤ እኔ የምጨምረው ይህን ነው፤ የሕዝብን ጩኸት የቀበረ ሹም፣ ከካዝናው አንዲት ሳንቲም ባይነካ እንኳ፣ ሙሰኛ ነው።

ይህ ከምዕራብ የመጣ ሐሳብ ነው የሚለኝ ቢኖር «እረኛ ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ላስታውሰው። የቀደሙት ነገሥታትና መሳፍንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ እረኛው በሜዳ፣ አዝማሪው በጠጅ ቤት ምን እንደሚል ያስጠይቁ ነበር። ጋዜጣ አልነበረም፤ ጋዜጠኛ ግን ነበረ፤ በትር የያዘና ፍየል የሚጠብቅ። ብልሁ ሹም እረኛውን አያሥረውም ነበር፤ የእረኛው ግጥም ደግ ካልሆነ ጥፋቱን በገዛ ቤቱ ይፈልጋል እንጂ። እኛ ራዲዮን፣ ሳተላይትንና ኢንተርኔትን ካወቅን በኋላ ከዚያ ዝቅ ማለታችን ያሳዝነኛል።

በእኛ ዕድሜ የሆነውንም እናስብ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ከተማ ንጹሐን በኤርትራ ወታደሮች ሲገደሉ ትግራይ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጣ፣ ለጋዜጠኛም ተዘግታ ነበር፤ የሆነውን ዓለም በቅጡ የሰማው ከወራት በኋላ ነው። ብዙዎቻችንም በዚያ ዝምታ ውስጥ በሰላም አድረናል፤ ይህን ለራሴም እናገረዋለሁ። ከዓመት በታች በሆነ ጊዜ፣ በጳጉሜን 2013 ዓ.ም.፣ ተራው የቆቦ ሆነ። ከተማችንን ይዘው የነበሩት የትግራይ ኃይሎች ጳጉሜን 4 ቀን ሲቪሎችን ሲገድሉ፣ ስልክ ተቋርጦ ነበርና ልጅ የአባቱን ሞት ዘግይቶ ሰማ፤ ሰብአዊ መብት ድርጅቶችም ዘገባቸውን ያወጡት ከወራት በኋላ ነው። በሁለቱም ስፍራ የጨለማው ሥራ አንድ ነው፤ የገዳዩ ስም ብቻ ተለወጠ። ለአክሱም ያላነባ ዓይን ለቆቦ ዕንባ ቢለምን ማን ይሰጠዋል?

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ፤ ጋዜጠኞችም ታሠሩ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለረኃብተኛ የመጣው እህል በሰፊው ለሌላ ጥቅም እየዋለ ነው ብለው በመላ ሀገሪቱ የምግብ ርዳታ አቋርጠው ነበር። በዚያን ጊዜ ርዳታ የሚሻው ሕዝብ 20 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሌባው የወሰደው አንድ ጊዜ ነው፤ የተራበው ግን ሁለት ጊዜ ተቀጣ፤ በመሰረቁና በመቋረጡ። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ረኃብ በሆነ ጊዜ ጎተራቸውን የቆለፉትን ባለጠጎች ከሌባ ቆጥሯቸዋል፤ እነርሱ ግን የቆለፉት የገዛ እህላቸውን ነበር። ለሌላው የተላከውን ስንዴ ወደ ገበያ ያወጣውን ሰው ባስልዮስ ምን ይለው ይሆን?

ሕግ ስለ ጎደለን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊም ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንዲጠየቅ ያዛል፤ 29ኛው አንቀጽ ቅድመ ምርመራን ከልክሎ የፕሬስን ነፃነት ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። ከ302 ወደ 30 ወርደናል፤ በወረቀት። በዚህ አዋጅ መሠረት አንዲት ገጽ ማመልከቻ ጽፎ የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ነው? ሐሜቱን ግን በየቡናው ቤት እናውቀዋለን።

ሁለት ተቃውሞዎችን ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው የኖኅን ልጆች ይጠቅሳል፤ ካም የአባቱን ዕራቁትነት አወራ ልጁ ከነዓን ተረገመ፣ ሴምና ያፌት ሸፈኑ ተባረኩ፤ የሀገር ገመናም እንዲሁ ይሸፈን ይላል። ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ራሱን ነው የገለጠው፤ የማንንም በግ አልወሰደም፣ የማንንም ደም አላፈሰሰም። የኦርዮ ሚስት ነገርማ በልብስ አልተሸፈነም፤ እግዚአብሔር ራሱ ናታንን ልኮ ገለጠው፤ በመጽሐፍ ተጽፎ እስከ ዛሬ በጉባኤ እንዲነበብም ፈቀደ። የባልንጀራን ድካም መሸፈን ፍቅር ነው። የተበደለን ሰው ቁስል ለበዳዩ ክብር ሲባል መሸፈን ግን ሁለተኛ በደል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ጋዜጠኛውስ መቼ ይታመናል ይላል። በእርግጥም በየገጹ ሐሰት፣ የሰው ደም የሚያስጠማ ቅስቀሳ፣ ለገንዘብ የሚጮኽ አፍ ሞልቷል። ከእኛም መካከል ያላየውን እንዳየ የሚለጥፍ አለ፤ ይህ በሐሰት መመስከር ነው፣ ንስሐም ያሻዋል። ሆኖም መብራት ሲጠፋ የሚበዛው ምን እንደሆነ እናውቃለን። እውነተኛው ዘጋቢ በተዘጋበት ቀን ወሬኛው ያለ ተፎካካሪ ይነግሣል። በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ሰው ወሬ እየተቀባበለ የሞተውን ሕያው፣ ሕያውን የሞተ ሲያደርግ የነበረው እውነቱን የሚያጣራ ሰው መግባት ስላልቻለ ነው።

ስለ ሌላው ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ቤታችን ዝም ማለት ፈሪሳዊነት ይሆንብኛል። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የተጀመረው ቃለ ዓዋዲ ምእመናን፣ ካህናትና ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ ተመርጠው የቤተ ክርስቲያንን ገቢና ወጪ በአንድነት እንዲቆጣጠሩ ሥርዓት ሠርቷል። ሥርዓቱ ከብዙ መሥሪያ ቤቶች ሕግ የቀደመና የተሻለ ነው። ነገር ግን ስንቱ ደብር በየዓመቱ ሒሳቡን አስመርምሮ በምእመናን ፊት ያነባል? የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ በስንት ሰው ፊት ይቆጠራል? እነዚህን የጠየቀ ወጣት «ደፋር»፣ «ተሐድሶ»፣ «የአባቶችን ክብር የማያውቅ» ሲባል ሰምቻለሁ። ያንኑ ምሳሌ ነው፤ ንጉሥ የሚለውን በአለቃ መተካት ብቻ። በቤተ መቅደስ ያልተለማመድነውን ጥያቄ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ ልንጠይቅ አንችልም፤ ከጠየቅንም ሹሙ በእኛ የመሣቅ መብት አለው።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን የዓመቱ ገቢና ወጪ፣ የመዝሙር ልብስ የተገዛበትና ለነዳያን የተሰጠው ሳይቀር፣ በአዳራሹ በር በስተግራ ተለጥፏል። ደረሰኞቹ በጸሐፊዋ እጅ ናቸው። ለጉዞ ከተሰበሰበው ላይ የጠየቅነው ማብራሪያ ገና አልተሟላም፤ እርሱም በቀይ ቀለም ተጽፏል። የጉዞው ገንዘብ ያዥ የነበርሁት እኔ ነኝ። የሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ፊት ቆሜ እመልሳለሁ፤ ያቺ እኅታችንም ከፊት ወንበር እንድትቀመጥ ጠይቄያታለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።